አምስት ቀን በሮም፣ ሳንቲም ሳሳድድ

ቅዳሜ

ሮም የገባሁት በጠዋት ነው። ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ እስከ ቴርሚኒ ጣቢያ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። አክስቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ሮም መኖር ከጀመረች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። አገላብጣ ሳመችኝና ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባች።

«በርበሬውስ?»

አለ። ሽሮውም አለ። ፊቷ በራ።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» ይባላል። «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። አክስቴ ይህን ሁሉ ዓመት አውቶቡስ የምትጠብቀው እዚያ ቆማ ነው። ትርጉሙን ያወቀችው ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደሆነ ነገረችኝ። «ያን ቀን አውቶቡሱ ቢዘገይም አልተናደድኩም» አለች። (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ቄሳሮችን ወደ እኛ አቆጣጠር ሳመላልስ ጉዞው እንዳያልቅብኝ።)

ቤቷ ጠባብ ነው፣ ግን ይሞቃል። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ቡና ሲቀዳ ስኒዎቹ ይንገጫገጫሉ። ከእግሩ ሥር ካርቶን አጥፋ ትሸጉጣለች። ካርቶኑ በሳምንቱ ይላሽቃል፤ ሌላ ታጥፋለች።

ለምን እንደመጣሁ ስነግራት ጀበናዋን አስቀምጣ አየችኝ። «ሰው ሮም የሚመጣው ጳጳሱን ሊያይ ነው። ካልሆነም ጫማ ሊገዛ። አንተ ሳንቲም?»

ጥፋቱ ግን የአባቷ ነው። አያቴ በጨርቅ የተቋጠረ ጠገራ ብር ነበራቸው። ልጅ ሆኜ እሱን እየቆጠርኩ ነው ያደግኩት። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል አለበት። ዓመቱ ሁልጊዜ 1780 ነው። ሴትየዋ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላም ዓመቱ ሳይለወጥ ሲመታ ኖረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ፓሪስ ላይ የራሳቸውን ምስልና አንበሳውን የያዘ ብር ሲያስመቱ እንኳ ብዙ ነጋዴ ሴትየዋን ቶሎ አልለቀቃትም። አያቴ «እሷ አትዋሽም» ይሉ ነበር። መልኳን ማለታቸው አልነበረም። ሚዛን ላይ ስትወጣ ሁሌም ያው ነች ማለታቸው ነው።

ለእኔም ጥያቄ ሆኖ የቀረው ይኸው ነው። ሳንቲም ሲዋሽ በምን ይታወቃል?

እሑድ

ፖርታ ፖርቴዜ የሚባለው የእሑድ ገበያ መርካቶን ያስታውሳል። አሮጌ ጫማ፣ የተሰበረ ሰዓት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሠርግ ፎቶ፣ ሁሉም በየመሬቱ ተዘርግቷል። አንዱ ሽማግሌ በጎድጓዳ ሳህን ሳንቲም ቆልሎ ተቀምጧል። ዝገት የጠገቡ «የቄሳር» ሳንቲሞችም አሉት። አክስቴ በጣሊያንኛ ስትጠይቀው ሳቅ አለ። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ መንገድ ላይ የሚሸጥ የሮማ ሳንቲም እውነተኛ ከሆነ ያስጠይቃል፣ የማያስጠይቅ ከሆነ ደግሞ ትናንት የተሠራ ነው።

ባዶ እጄን እንዳልሄድ በሁለት ዩሮ አንድ የብረት ሳንቲም አነሳሁ። በአንዱ በኩል ሪዛም ሰውዬ፣ በሌላው ክንፉን የዘረጋ ንስር። 1942 ይላል፤ አጠገቡ የሮማ ቁጥር ሃያ አለ። በጠርዙ ያለው ጽሑፍ በዕድሜ ጠቁሯል። ኪሴ ከተትኩት፤ ረሳሁት።

ከሰዓት ትሬቪ ፏፏቴ ሄድን። ሕዝቡ ጀርባውን ሰጥቶ ሳንቲም ይወረውራል። ገንዘቡ ተለቅሞ ካሪታስ ለተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ይሄዳል። እኔም ልወረውር ስል አክስቴ እጄን ያዘች። «ቡና ግዛበት!»

ገዛሁበት። መልሱን ስቀበል ነው ያስተዋልኩት። በጣሊያን የተመታው ሃምሳ ሳንቲም ላይ ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬሊዎስ በፈረስ ተቀምጧል። አምስት ሳንቲሙ ላይ ኮሎሲየም አለ። ኮሎሲየም ሳንቲም ላይ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ሕንፃው በ80 ዓ.ም ሲመረቅ ንጉሠ ነገሥት ቲቶ ትልቅ የነሐስ ሳንቲም አስመትቶበታል። ሥዕሉ ከላይ የታየ ነው፤ ውስጡ በሰው ራስ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ እያንዳንዱ ራስ ትንሽ ነጥብ። ሮምን ረግጦ የማያውቅ የሶርያ ገበሬ ያን ሕንፃ እጁ ላይ አየው ማለት ነው።

ሰኞ

ወደ ሙዚየሙ በጠዋት ገሰገስኩ። ዝግ ነው። ሰኞ ሰኞ አይከፍትም። ከአዲስ አበባ ስነሳ ይህን ማየት ነበረብኝ፤ ራሴን ነው የምወቅሰው።

እግሬን ወደ ፎረሙ መለስኩ። የድሮዋ ሮም መሃል አገር፣ ፈርሶ የቀረው። ሙዚየሙ ዝግ መሆኑ በጀኝ እንጂ አልጎዳኝም፤ ነገ የማያቸው ሳንቲሞች የሚያወሩለት ድንጋይ ሁሉ የቆመው እዚህ ነው።

የዩልዮስ ቄሳር አስከሬን የተቃጠለበት ቦታ ጣሪያ ተሠርቶለታል። ዛሬም ሰው አበባ ያኖርበታል። ከቄሳር በፊት የሮም ሳንቲም የአማልክትንና የሞቱ ሰዎችን መልክ ነበር የሚይዘው። በሕይወት ያለ ሮማዊ በራሱ ከተማ ሳንቲም ላይ መታየት ነውር ነበር፤ የንጉሥ ነገር ነውና። በ44 ቅ.ል.ክ መጀመሪያ ቄሳር ይህን ተሻገረ። የአበባ ጉንጉን ደፍቶ፣ አንገቱ ተሸብሽቦ፣ «ዘላለማዊ አምባገነን» ከሚል ጽሑፍ ጋር ወጣ። ዘላለሙ ሁለት ወር አልሞላም። መጋቢት 15 ገደሉት።

ገዳዩ ብሩቱስ ያደረገው ደግሞ ያስቃል። ከግድያው በኋላ ጦር ይዞ ወደ ምሥራቅ ወጣና ሳንቲም አስመታ። በጀርባው ሁለት ጩቤ፣ መሃላቸው ነፃ የወጣ ባሪያ የሚያደርጋት ቆብ፣ ከሥሩ የግድያው ቀን። «ነፃ አወጣናችሁ» ነው የሚለው። በፊት ለፊቱስ ማን አለ? ራሱ ብሩቱስ! መልኩን ሳንቲም ላይ ያወጣውን ሰው ገድሎ የራሱን መልክ ሳንቲም ላይ አወጣ። ዛሬ የዚህ ሳንቲም የወርቁ ዓይነት በጣት የሚቆጠር ነው። አንዱ በ2020 ለንደን ላይ በሚሊዮኖች ተሸጠ። በኋላ የተዘረፈ መሆኑ ታውቆ በ2023 ለግሪክ ተመለሰ።

አሸናፊው ግን አውግስጦስ ሆነ፤ በዚህ ጨዋታም የሚስተካከለው የለም። የእናቱ አጎትና የማደጎ አባቱ ቄሳር ሲሞት ሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ ታየ። አውግስጦስ ኮከቡን ሳንቲም ላይ አወጣው። ቄሳር አምላክ ሆነ ማለት ነው። በሌሎቹ ሳንቲሞች ላይ ራሱን «የአምላክ ልጅ» ብሎ ጻፈ። ግብፅን ሲይዝ አዞ አስመታና «ግብፅ ተያዘች» አለ። ሁለት ቃል፣ አንድ አዞ። ማንበብ የማይችለውም ይገባዋል።

ወደ ኮሎሲየም በኩል የቲቶ ቅስት አለ። በውስጥ ግድግዳው የሮማ ወታደሮች ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፉትን ባለሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ይሄዳሉ። ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም ፈረሰ። የቲቶ አባት ቬስፓስያን ድሉን ሳንቲም ላይ ደጋግሞ አወጣው። ዘንባባ ቆሟል፤ ሥሩ ሴት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «ይሁዳ ተያዘች።» ይህ ሳንቲም ለዓመታት ወጣ። እንጀራህን የምትገዛበት ገንዘብ ላይ የአገርህ ለቅሶ ተስሎ አስበው።

ከሁለት ትውልድ በኋላ መልስ መጣ። በ132 የባር ኮክባ አመፅ ሲነሳ አይሁድ የሮምን ሳንቲም ሰብስበው በላዩ ላይ የራሳቸውን መቱበት። በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ላይ የፈረሰውን ቤተ መቅደስ በር። አንዳንዱ ሳንቲም ላይ የቄሳሩ ጆሮ ወይም ጉንጉን ሳይጠፋ ከሥር ብቅ ይላል። አመፁ በሦስት ዓመት ተደመሰሰ። ሳንቲሞቹ ግን አሉ።

ሌላውን ጥዬ ወደ ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲምዮስ ሴቬሮስ ቅስት ልሂድ። ይህ በ203 የተሠራው አባትየውንና ሁለቱን ልጆቹን፣ ካራካላንና ጌታ የሚባለውን፣ ለማክበር ነው። አባት ሲሞት ካራካላ ወንድሙን በ211 አስገደለ። ከዚያ ስሙን ከአገሩ ሁሉ ማስፋቅ ጀመረ። ቅስቱ ላይ አራተኛውን መስመር ቀና ብዬ አየሁት። ድንጋዩ ገባ ብሏል። የቀድሞዎቹ ፊደላት የተተከሉበት ቀዳዳ ከአዲሱ ጽሑፍ ጋር አይገጥምም። የተገደለው ወንድም ስም ከነበረበት ላይ ለአባትና ለቀረው ልጅ ውዳሴ ተጽፏል። በትንሿ እስያ ከተሞች ደግሞ ሁለቱ ወንድማማቾች ፊት ለፊት የሚተያዩበት ሳንቲም ነበር። አንዱ ፊት በመሮ ተፍቆ የተገኘ አለ። አንድ ሰው ተቀምጦ አንድ በአንድ ሲፍቅ ይታየኝ ጀመር።

ስወጣ በሰፊው መንገድ በቪያ ዴይ ፎሪ ኢምፔሪያሊ ተመለስኩ። ይህን መንገድ ያስከፈተው ሙሶሊኒ ነው፣ በ1932። በግንቡ ላይ የሮማ ግዛት እንዴት እየሰፋ እንደሄደ የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ተለጥፈዋል። በ1936 አምስተኛ ተጨምሮ ነበር፤ የሙሶሊኒ «አዲሱ ግዛት»፣ ኢትዮጵያ ያለችበት። ከጦርነቱ በኋላ ነቀሉት። አራቱን ቆጥሬ አምስተኛውን ስፈልግ ትንሽ ቆምኩ። ቱሪስቱ ያልፋል። ማንም ባዶ ግድግዳ ፎቶ አያነሳም።

ማክሰኞ

ዛሬ ክፍት ነው! ፓላትሶ ማሲሞ ከቴርሚኒ ጎን ነው፣ ከአክስቴ አውቶቡስ ማቆሚያ ብዙም አይርቅም። ሠላሳ ዓመት አጠገቡ ቆማ አንድ ቀን አልገባችም። ይዣት ገባሁ። ላይ ፎቅ ያሉትን ሐውልቶች በሩጫ አየን፤ ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። ሳንቲሞቹ ያሉት እንደ ባንክ ካዝና በሚመስል ክፍል ነው። ከሺህ ዓመት በላይ የሆነ ገንዘብ ተደርድሯል፤ የሚያየው ሰው ግን እኔና አክስቴ ብቻ።

በመጀመሪያ የገረመኝ ትንሽነታቸው ነው። በመጽሐፍ ያየኋት ዲናር የኮት ቁልፍ ታክላለች። ክብም አይደለችም። ያገሬ ሰው ዲናርን ከወንጌል ያውቃታል። በእጅ የተቀረጸ ብረት ላይ የጋለ የብር ቁራጭ ይቀመጣል፤ ሌላ ቅርጽ ከላይ ይደረግና በመዶሻ ይመታል። ለዚህ ነው እኛም ገንዘብ «ተመታ» የምንለው። እጅ ሳት ካለ የቄሳሩ አፍንጫ ከጠርዙ ውጭ ይቀራል።

ሳንቲም ላይ ያለውን ማን ያየዋል የሚሉ ምሁራን አሉ። እኛ ኪሳችን ያለውን ብር መቼ እናያለን? ትክክል ይመስላል። ግን ወንጌሉን አስቡት። ክርስቶስ ዲናር አስመጣና ይህ መልክ፣ ይህስ ጽሕፈት የማን ነው ብሎ ጠየቀ። «የቄሳር ነው» አሉ። አንድም ሰው ቆይ ልየው አላለም። ዘመኑ የጢባርዮስ ነበር፤ ኢየሩሳሌም ከሮም ስንት ባሕር ርቃ። አይተውታል ማለት ነው። በአውግስጦስ ዘመን አንድ የእግረኛ ወታደር በዓመት 225 ዲናር ይከፈለው ነበር። የአለቃውን መልክ 225 ጊዜ ይቀበላል።

አክስቴን ያፈዘዛት ግን የኔሮ ታሪክ ነው። በ54 ሲነግሥ ገና አሥራ ሰባት ዓመት አልሞላውም። ያነገሠችው እናቱ አግሪፒና ናት። የመጀመሪያው ሳንቲሙ ላይ እናትና ልጅ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠዋል። በፊት ለፊቱ ዙሪያ የተጻፈው የእሷ ስምና ማዕረግ ነው፤ የልጁ ከጀርባ። በዓመቱ ሌላ ወጣ። አሁን የልጁ ራስ ከፊት ነው፤ እናት ከኋላው በትንሹ ብቅ ብላለች። ጽሑፉም ተገላበጠ፤ እሷ ወደ ጀርባ ሄደች። ቀጥሎ በወጣው ሳንቲም ላይ የለችም። በ59 አስገደላት።

የቤተ መንግሥት ወሬ ለማወቅ ወሬኛ አያስፈልግም ነበር። ደሞዝህን አውጥተህ ማየት ነው።

አክስቴ መስታወቱ ላይ ተደፍታ «እናቱን?» አለች። ከዚያ ዝም። ከዚያ «ጸጉሩን እንዴት አሳምሮ ተበጥሯል» አለች።

ይኸው ኔሮ በ64 ሌላም ነገር ጀመረ። የዲናሯን ክብደት ቀነሰ፤ ብሩንም አቀጠነ። በኋላ የመጡት ቀጠሉበት። ካራካላ በ215 ሁለት ዲናር ነው ብሎ አዲስ ሳንቲም ሲያወጣ በውስጡ የነበረው ብር ግን ሁለት ዲናር አይሞላም ነበር። አያቴ ቢኖሩ ሚዛናቸውን ያወጡ ነበር። በሃምሳ ዓመት ገደማ የዚያ ሳንቲም ብር ከመቶ አምስት እንኳ የማይሞላ ሆነ። ከላይ ብር የተቀባ መዳብ። ቅባቱ ሲለቅ መጀመሪያ የሚገጠው ከፍ ያለው ቦታ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ጉንጭና አፍንጫ።

ብሩ እየቀነሰ ሲሄድ ቃሉ እየጨመረ ሄደ። እኔ ከዚህ ክፍል የያዝኩት ነገር ይህ ነው። ወታደሩ በየወሩ ንጉሥ እየገደለ በነበረበት ዘመን ሳንቲሙ «የጦሩ ታማኝነት» ይላል። በ260 ንጉሠ ነገሥት ቫሌሪያን በፋርሱ ንጉሥ በሻፑር እጅ ወደቀ። ምዕራቡ ግዛት ተገንጥሎ የራሱን ንጉሥ አነገሠ። በዚያው ሰሞን የቫሌሪያን ልጅ ጋሊኤኖስ በወርቅ ላይ ምን አስጻፈ? «ሰላም በየቦታው።»

አክስቴ ሳቀች። «ቴሌቪዥን ነው እኮ!»

የቆስጠንጢኖስ ጥግ ጋ ስንደርስ አክሱም ትዝ አለኝ። እሱ 72ቱ አንድ የሮማ ፓውንድ የሚመዝኑ የወርቅ ሳንቲሞች አስመታ፤ ወርቁም ለዘመናት ታመነ። በእሱ ዘመን ገደማ እኛም በወርቅ እንመታ ነበር። ከእንዱቢስ ጀምሮ የአክሱም ነገሥታት በሁለት የስንዴ ዛላ መካከል ተቀርጸው ወጥተዋል። በግሪክኛ ይጽፉ ነበር፤ የቀይ ባሕር ነጋዴ እንዲያነበው። ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃዋን ከሳንቲሙ አነሳና መስቀል አደረገ። አዋጅ ነጋሪ ወደ አዱሊስ ወደብ መላክ አያስፈልግም፤ ገንዘቡ ራሱ ይደርሳል። ከመዳብ ሳንቲሞቻችን አንዱ ላይ የተጻፈው ግን ለየት ይላል፦ «ይህ ለአገሩ ደስ ይበለው።» እሱም ፖለቲካ ነው፣ አልክድም። ግን ቢያንስ ይጠይቃል። ለአገሬ ማድላቴ ከሆነ ይቅር በሉኝ።

ልንወጣ ስንል ስለ ስብስቡ የሚያስረዳውን ሰሌዳ አነበብኩ። እዚህ ካለው ውስጥ አንዱ ትልቅ ክፍል የጣሊያኑ ንጉሥ የቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ሦስተኛ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ሳንቲም ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው። ከመቶ ሺህ በላይ አከማችቷል። ስለ ጣሊያን ሳንቲሞች ሃያ ቅጽ መጽሐፍ አሳትሟል። በ1946 ከዙፋን ወርዶ ሲሰደድ ስብስቡን ለጣሊያን ሕዝብ ተወ።

ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ። በ1936 ግንቦት «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የተባለው!

እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። የእሑዱን ሳንቲም አወጣሁ፣ በሸሚዜ ጠረግሁት፣ ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። ሪዛሙ ሰውዬ እሱ ነው። በዙሪያው ያለው ጽሑፍ አሁን ተነበበኝ፦ «ሬ ኤ ኢምፕ»። ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት። ገለበጥኩት። ንስሩ ከጥንት ሮማ ጦር የተወሰደ ነው። ንስሩ የቆመበት የበትር እስር ከሮማ ሹማምንት የመጣ ነው፤ ፋሺስቶች ስማቸውን ያገኙት ከእሱ ነው። ሃያ የሚለው የሮማ ቁጥርም የፋሺዝም ሃያኛ ዓመት ማለት ነው።

ዓመቱ 1942። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ተመልሰው ከገቡበት ከግንቦት 5 ቀን 1941 ጀምሮ ቁጠሩት። አገሪቱ ከእጁ ወጥታለች፤ ሳንቲሙ ግን ሮም ውስጥ አሁንም ንጉሠ ነገሥት ነኝ እያለ ይመታል። ይህ ሰው የጋሊኤኖስን «ሰላም በየቦታው» ሳያውቅ ይቀራል ብላችሁ ነው? ዕድሜውን ሙሉ ያነበበው ሳንቲም ነው።

ለአክስቴ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። ምንም አላለችም። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ረቡዕ

በረራዬ ማታ ስለሆነ ጠዋት ቅዱስ ክሌመንት ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። ከሥሩ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከዚያም ሥር የመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ሕንፃ። ብዙ ተመራማሪዎች የንጉሠ ነገሥቱ ገንዘብ ማተሚያ እዚህ ነበር ይላሉ። ደረጃውን እየወረድክ ስትሄድ ይቀዘቅዛል፤ የሆነ ቦታ ከግድግዳው ኋላ ውኃ ሲወርድ ይሰማል። በ271 ገደማ የሮም ገንዘብ መቺዎች በንጉሠ ነገሥት አውሬሊያን ላይ አምፀው ነበር። ብሩን እያጎደሉ ኪሳቸው ይከቱ ነበር ተብሎ ነው ነገሩ የተነሳው። የጥንት ጸሐፊ ሰባት ሺህ ወታደር ሞተ ይላል። ጨለማው ውስጥ ቆሜ የመዶሻውን ድምፅ ለማሰብ ሞከርኩ። አንድ የተማሪዎች ቡድን መጣና አላስቻለኝም።

ቤት ስመለስ ምሳ ቀርቧል። ያመጣሁት ሽሮ ነው የተሠራው። በልተን ቡና ተፈላ። አክስቴ ስኒዎቹን ደረደረች፤ ቀዳች። ጠብቄ ነበር፤ አልተንገጫገጩም። ጠረጴዛውን በእጄ ገፋሁት። ንቅንቅ የለም።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ካርቶኑ የለም። ከአጭሩ እግር ሥር የብረቱ ጠርዝ ያብለጨልጫል።

«በየትኛው በኩል አደረግሽው?» አልኳት።

«ፊቱን ወደ ታች» አለች። «ስኳር ልጨምርልህ?»